የጉሮሮ ናሙና የሚናገረውና የማይናገረው፦ ስለ ስትሬፕ የዘረ-መል ምርመራ

(ለወላጆችና ለጤና ባለሙያዎች በተዘጋጀ የማኅበረሰብ መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ። የዕረፍት ቀናችሁን ስለ ልጆች ጉሮሮ ለመስማት ስለሰጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሙያዬ የሕክምና ላቦራቶሪ ነው። እኛ የላብ ሰዎች በሽተኛውን እምብዛም አናየውም፤ የሚደርሰን ስምና የትውልድ ቀን የተለጠፈበት ቱቦ ነው። ውጤቱን አረጋግጠን ከላክን በኋላም ወላጅ ቤቱ ገብቶ ምን ብሎ እንደተረዳው አንሰማም። በመካከል የሚቀረውን ነገር ዛሬ ፊት ለፊት፣ በራሳችን ቋንቋ፣ ዘርዘር አድርጌ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

እዚህ አሜሪካ ልጅ ያሳደገ ሁሉ «ስትሬፕ» ሲባል ያውቀዋል፤ በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው። ትምህርት ቤቱ ይደውላል፤ ልጁ አተኩሶታል፣ ጉሮሮውን አሞታል፣ መጥታችሁ ውሰዱት ይላል። ኧርጀንት ኬር ትወስዱታላችሁ። ነርሷ ረጅም ጥጥ ይዛ ትመጣለች፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ወረቀት ይሰጣችኋል። ወረቀቱ «ተገኝቷል» ወይም «አልተገኘም» ይላል። ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ በብዙ ቦታ ከዚያ ወረቀት ጀርባ ያለው ምርመራ ተለውጧል፤ ዛሬ የሚነበበው የባክቴሪያው ዲኤንኤ ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ይህ ምርመራ ባክቴሪያው ጉሮሮ ውስጥ መኖሩን፣ እጅግ ጥቂት ቢሆን እንኳ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ያገኘዋል። ልጁን ያሳመመው ያ ባክቴሪያ መሆኑን ግን ማሽኑ ሊያውቅ አይችልም። ያንን የሚያውቀው ልጁን ያየው፣ የጠየቀው፣ አንገቱን የዳሰሰው ሰው ነው። የምናገረው ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነውና ያዙልኝ።

ከበሽታው ልጀምር። ጉሮሮውን የታመመ ልጅ ሁሉ ስትሬፕ የለበትም። ጉሮሯቸውን ከሚታመሙ 100 ልጆች ውስጥ ስትሬፕ የሚገኝባቸው ከ20 እስከ 30 ያህሉ ናቸው፤ ከአዋቂዎች ደግሞ ከ5 እስከ 15። የቀረው በአብዛኛው የቫይረስ ሥራ ነው፤ ቫይረስን አንቲባዮቲክ አይነካውም። ስትሬፕ ድንገት ይመጣል። ትኩሳት፣ ምራቅ መዋጥ የሚያስቸግር ሕመም፣ ቀልተው ያበጡና አንዳንዴም ነጭ መግል የያዙ ቶንሲሎች፣ ሲነኩ የሚያምሙ የአንገት ዕጢዎች ይታያሉ። ትንንሾቹ ሆዳቸውን ያማቸዋል፣ ያስታውካቸዋል። ሳል ካለ፣ ንፍጥ ከወረደ፣ ድምፅ ከተዘጋ፣ ዓይን ከቀላ ነገሩ ወደ ቫይረስ ያዘነብላል።

የባክቴሪያው ሙሉ ስም ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ ነው፤ «ግሩፕ ኤ ስትሬፕ» የሚባለውም እሱ ነው። ይህን የምድብ ፊደል ያወጣችው ርብቃ ላንስፊልድ የምትባል ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ተቋም የምትሠራ ሳይንቲስት ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) በ1933 ባሳተመችው ሥራ፣ ቀይ የደም ሕዋስን የሚያፈርሱት የስትሬፕ ባክቴሪያዎች በግድግዳቸው ላይ ባለው ስኳር መሰል ንጥረ ነገር በምድብ በምድብ ሊለዩ እንደሚችሉ አሳየች። ይህን ስኳር አትርሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን አንድ ጥያቄ ልታነሡብኝ ይገባል። የስትሬፕ ጉሮሮ እኮ ባይታከምም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይተዋል፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ምርመራ ለምን? መልሱ ልብ ነው። ጉሮሮው ከዳነ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የገዛ መገጣጠሚያቸውን፣ አንጎላቸውን፣ ከሁሉም በላይ የልባቸውን ቫልቭ ያጠቃል። ይህ ሩማቲክ ትኩሳት ነው። ሲደጋገም ቫልቩ ይጠነክራል፣ ይጣበቃል ወይም ያፈስሳል፤ ያኔ ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። በ2015 በዓለም ላይ 33.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ እንደነበር፣ በዚያው ዓመትም 319,400 ያህል ሰዎች እንደሞቱበት ተገምቷል።

በሽታው ከአሜሪካና ከአውሮፓ አብዛኛው ክፍል ጠፍቶ ከእኛ አገር አልጠፋም። አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ ብዙ ደክመው ያቋቋሙትን የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ከእናንተ መካከል የምታውቁት አላችሁ፤ ገንዘብ ያዋጣችሁም ትኖራላችሁ። እዚያ ተራ ከሚጠብቁት መካከል በተፈጥሮ የልብ ክፍተት የተወለዱ አሉ። ጤነኛ ልብ ይዘው ተወልደው፣ በጉሮሮ ሕመም ሰበብ ቫልቫቸው የተበላሸባቸውም አሉ። የእነዚህኞቹ በፔኒሲሊን ሊቀር ይችል የነበረ ነው። ይህን ሳስብ ሙያዬን የምወድበት ምክንያትም፣ የምቆጭበት ምክንያትም አንድ ይሆንብኛል።

ፔኒሲሊን የጉሮሮውን ኢንፌክሽን በማከም ሩማቲክ ትኩሳትን እንደሚከላከል የተረጋገጠው እዚሁ አሜሪካ፣ ዋዮሚንግ ውስጥ፣ ዋረን በተባለ የአየር ኃይል ጦር ሰፈር ነው። ቻርልስ ራመልካምፕና ባልደረቦቹ ከ1949 ጀምሮ ጉሮሯቸውን የታመሙ ወጣት ወታደሮችን አጠኑ። ፔኒሲሊን የተሰጣቸው፣ ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በሩማቲክ ትኩሳት የተያዙት እጅግ ጥቂት ሆነው ተገኙ። ከዚያው ሰፈር ሌላም ትልቅ ነገር ተገኘ፦ ሕክምናው ሕመሙ ከጀመረ እስከ ዘጠኝ ቀን ድረስ ዘግይቶ ቢጀመር እንኳ ልብን ይከላከላል።

ይህ የዘጠኝ ቀን ነገር ወላጅን ሊያረጋጋ ይገባል። ውጤቱ ነገ ይደርሳል ከተባላችሁ የልጁ ልብ በአንድ ሌሊት አይጎዳም። እንግዲያው እዚህ አገር የምርመራው ፍጥነት የሚጠቅመው ለልብ ሳይሆን ለሌላ ነገር ነው፦ ልጁ ቶሎ እንዲሻለው፣ ወደ ሌላ ሰው እንዳያስተላልፍ፣ ስትሬፕ የሌለበትም በከንቱ መድኃኒት እንዳይወስድ። ከገጠር ተነሥታ ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ለደረሰች እናት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። «ነገ ተመለሺ» ብትባል አትመለስም፤ መንገዱ አይፈቅድላትም። ለእሷ በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ምርመራና በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ሕክምና ማለት የልጇ ልብ ነው። ፈጣኑ ምርመራ በብዛት ያለው ዘጠኝ ቀን መጠበቅ በሚቻልበት አገር፣ የሌለው ደግሞ አንድ ቀን መጠበቅ በማይቻልበት አገር ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሊለወጥ እንደሚችልም አምናለሁ።

ወደ ላቦራቶሪው ልግባ። ጥንታዊውና እስከ ዛሬም መመዘኛ ሆኖ የቆየው መንገድ ካልቸር ነው። የጉሮሮውን ናሙና የበግ ደም በተቀላቀለበት ሳህን ላይ እናሰራጫለን፣ 35 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ኢንኩቤተር እናሳድራለን፣ በማግስቱ እናያለን። ግሩፕ ኤ ካለ በትንንሾቹ ጉብታዎች ዙሪያ ደሙ ጠፍቶ መስታወት የሚመስል ቀለበት ይታያል። ካልታየ ሳህኑን መልሰን እስከ 48 ሰዓት እንጠብቃለን። ካልቸር ይዘገያል፣ ግን ሕያው ባክቴሪያ በእጃችሁ ያስገባል። የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው፣ ከየትኛው ዝርያ እንደሆነ የምትጠይቁት እሱን ነው። ይህን ጥቅሙን አዲሱ ምርመራ አልተካውም።

ሁለተኛው በ1980ዎቹ የመጣው ፈጣን የአንቲጅን ምርመራ ነው፤ እንደ እርግዝና መመርመሪያ መስመር የሚያወጣው። የሚያነበው ቅድም አትርሱት ያልኳችሁን፣ ላንስፊልድ ያገኘችውን የግድግዳ ስኳር ነው። አሥር ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ፖዘቲቭ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ይታመናል። ኔጌቲቭ ሲል ግን ጥርጣሬ አለ፤ በብዙ ጥናቶች ድምር ስትሬፕ ካለባቸው 100 ልጆች 86 ያህሉን ነው የሚይዘው፣ 14ቱ ያመልጡታል። ስኳሩን አብዝቶ የሚያስቀምጥ ነገር ስለሌለ መስመሩ እንዲወጣ በናሙናው ውስጥ በቂ ባክቴሪያ መኖር አለበት። ስለዚህም ነው ለልጆች «ኔጌቲቭ ነው፣ ግን ካልቸር እንልካለን» ሲባል የኖረው።

ሦስተኛው፣ የዛሬው ዋና ጉዳይ፣ ዲኤንኤውን ያበዛል። የግሩፕ ኤ ስትሬፕ ሙሉ ዘረ-መል ወደ 1.8 ሚሊዮን የሚጠጋ ፊደል ያለው ትልቅ መጽሐፍ ነው ብላችሁ አስቡት። ከዚያ ውስጥ በዚህ ባክቴሪያ ብቻ እንጂ በሌላ የማይገኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ተመርጧል። የዐረፍተ ነገሩን መጀመሪያና መጨረሻ ለይተው የሚይዙ፣ እያንዳንዳቸው ሃያ ፊደል ገደማ ያላቸው አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች ተሠርተዋል። ፕራይመር ይባላሉ። ፕራይመሮቹ ቦታቸውን ካገኙ በመካከላቸው ያለው ይገለበጣል፤ ካላገኙ ምንም አይሆንም።

የሚገለበጠው እንዴት ነው? በፒሲአር ዘዴ ናሙናው መጀመሪያ እስከ 95 ዲግሪ ይሞቃል፣ ሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች ይላቀቃሉ። ከዚያ ይቀዘቅዛል፣ ፕራይመሮቹ ይለጠፋሉ። ከዚያ ዲኤንኤን የሚገለብጠው ኢንዛይም የጎደለውን እየሞላ ይገለብጣል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናል። ይህ 30 ጊዜ በትክክል ቢደገም ከአንድ ቁራጭ ተነሥቶ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ቅጂ ይገኛል። በእያንዳንዱ ዙር ቅጂው ሲበዛ የሚያበራ ቀለም ስላለ ማሽኑ ብርሃኑን እየለካ «አለ» ወይም «የለም» ይላል። ሐሳቡን ካሪ ሙሊስ በ1983 አፈለቀው፣ በ1993 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ያን ሁሉ ሙቀት ተቋቁሞ ሥራውን የሚቀጥለው ኢንዛይም ደግሞ ከየት የመጣ መሰላችሁ? የሎውስቶን በተባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ቶማስ ብሮክ በ1960ዎቹ ካገኘው፣ በፈላ ምንጭ ዳር ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። ብሮክ ሲፈልግ የነበረው ሕይወት በምን ያህል ሙቀት ሊኖር እንደሚችል ማወቅን ብቻ ነበር። ዛሬ የልጆቻችን ጉሮሮ የሚመረመረው በእሱ ጉጉት ፍሬ ነው።

ሙቀቱን ሳይቀያይሩ፣ 60 ዲግሪ አካባቢ በሆነ አንድ ሙቀት ላይ ዲኤንኤን የሚያበዙ ሌሎች ዘዴዎችም አሉ፤ በ2000 በጃፓን ተመራማሪዎች የታተመው ላምፕ የሚባለው አንዱ ነው። የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ውስብስብ መሣሪያ ስለማያስፈልጋቸው ማሽኑ ትንሽና ቀላል ይሆናል። እዚህ አገር በ2015 ኮባስ ሊያትና አሊየር አይ (ኋላ አይዲ ናው የተባለው) የሚባሉ ሁለት ማሽኖች ከትልቅ ላቦራቶሪ ውጭ በሐኪም ቢሮና በክሊኒክ ውስጥ እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። አይዲ ናው ፖዘቲቩን ከሁለት ደቂቃ ጀምሮ፣ ኔጌቲቩን በስድስት ደቂቃ ያወጣል። ሊያት 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ሌላው ማሽን ከ18 እስከ 24። እነዚህ ምርመራዎች ስትሬፕ ያለባቸውን ከ100 ወደ 97 ወይም ከዚያ በላይ ስለሚይዙ ኔጌቲቭ ሲሉ ካልቸር መላክ በአብዛኛው ቀርቷል። ከጎረቤታችሁ ልጅ ካልቸር ተልኮ ከእናንተ ልጅ ያልተላከው ሐኪሙ ቸል ብሎ ላይሆን ይችላል፤ ምርመራው የተለየ ሆኖ ነው። የትኛው እንደተሠራ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው።

እንዲህ ስለት ያለው ምርመራ ግን በአያያዝ ይፈተናል። አንድ ቁራጭ ቢሊዮን የሚሆን ከሆነ፣ ከአንዱ ልጅ ናሙና የተረፈች ጠብታ የሌላውን ልጅ ውጤት ልታበላሽ ትችላለች። የተባዛ ዲኤንኤ ከቱቦ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ቢያርፍ ለሳምንታት ያስቸግራል። ስለዚህ የቆዩ የፒሲአር ላቦራቶሪዎች የናሙና ማዘጋጃውን ክፍል ከማባዣው ክፍል ለይተው ይሠራሉ፤ ሠራተኛው ከንጹሑ ወደ ተባዛው ይሄዳል እንጂ በዚያው ጋውንና ጓንት አይመለስም። ናሙናው ገብቶባቸው ማሽኑ ውስጥ የሚከተቱት የዛሬዎቹ ትንንሽ ዕቃዎች፣ ካርትሪጆች የምንላቸው፣ ከተዘጉ በኋላ አይከፈቱም፤ ማባዛቱ ውስጥ ለውስጥ ነው። አደጋው ቀንሷል፣ አልጠፋም። ክሊኒክ ውስጥ ለምትሠሩ እህቶቼና ወንድሞቼ አደራዬ ይህ ነው፦ በእያንዳንዱ ልጅ መካከል ጓንት ቀይሩ፣ የማሽኑን ዙሪያ በበረኪና ውሕድ ጥረጉ፣ የተጠቀማችሁበትን ካርትሪጅ ወዲያው አስወግዱ። አልኮል ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ዲኤንኤውን ግን አያጠፋም።

ናሙናው ራሱም አለ። ጥጡ ሁለቱንም ቶንሲሎችና የጉሮሮውን ጀርባ ፈትጎ መውጣት አለበት፣ ምላስንና ጉንጭን ሳይነካ። ባክቴሪያው ካለበት ቦታ ያልተነሣውን ማሽኑ ከየትም አያመጣውም። ልጁ እያለቀሰ ነርሷ አዝናለት ምላሱን ብቻ ነክታ ብትወጣ፣ ያ ኔጌቲቭ ምንም አልነገረንም። ስለዚህ እናቶች፣ ልጁን ጭናችሁ ላይ አስቀምጡ፣ እጆቹን አቅፋችሁ ያዙ፣ ጭንቅላቱን ደረታችሁ ላይ አስደግፉ። አምስት ሰከንድ ነው። የእንጨት ዘንግ ያለው ጥጥ ደግሞ ለዚህ ምርመራ አይሆንም፤ ከእንጨቱ የሚወጣ ነገር ኢንዛይሙን ሊያግደው ይችላል።

አንዳንዴ ወረቀቱ ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም ሳይሆን «ኢንቫሊድ» ብሎ ይመጣል። ብዙ ወላጅ ይህን «ምንም የለም» ብሎ ይተረጉመዋል። አይደለም። በየካርትሪጁ ውስጥ ምርመራው በትክክል መሥራቱን የሚቆጣጠር ሌላ ዲኤንኤ አለ። እሱ ካልተባዛ ማሽኑ የልጃችሁን ውጤት ለመናገር እምቢ ይላል። ናሙናው እንደገና ይወሰድ ማለት ነው።

አሁን ቅድም ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ልመለስ። ጤነኛ ሆነው፣ ምንም ሳያማቸው፣ ግሩፕ ኤ ስትሬፕ በጉሮሯቸው ይዘው የሚዞሩ ልጆች አሉ፤ ተሸካሚ እንላቸዋለን። በትምህርት ቤት ዕድሜ ካሉ ልጆች ከ100 አሥራ ሁለት ያህሉ እንዲህ ናቸው። ለእነሱም ለሌላውም የሚያደርሱት ጉዳት ትንሽ ነው። በእኛም አገር ጤነኛ ተማሪዎች ተመርምረው ነበር፤ በ2006 የታተመ ጥናት በእነዚያ የኢትዮጵያ ልጆች ጉሮሮ ውስጥ የተገኙት ዝርያዎች እጅግ ብዙ ዓይነት መሆናቸውን አሳይቷል። አሁን ተሸካሚ የሆነ ልጅ በክረምት ተራ ጉንፋን ይዞታል እንበል። ያነጥሰዋል፣ ያስለዋል፣ ጉሮሮውን ይከረክረዋል። ብታስመረምሩት ማሽኑ «ተገኝቷል» ይላል፤ አልዋሸም። ልጁን ያሳመመው ግን ቫይረሱ ነው። አሥር ቀን አሞክሲሲሊን ይውጣል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ይለቃል፣ እኛም መድኃኒቱ አዳነው እንላለን። ምርመራው በረቀቀ ቁጥር ይህ ስሕተት ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

ከዚህ ተነሥቼ ሦስት ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ሳልና ንፍጥ ያለበትን ልጅ ሐኪሙ «ስትሬፕ መመርመር አያስፈልገውም» ካለ አትሟገቱት፤ ለልጃችሁ ደግ አድርጓል። አንዱ ልጅ ስትሬፕ ሲገኝበት ያልታመሙትን ወንድምና እህቶቹን ተርታውን አታስመርምሩ። መድኃኒቱን የጨረሰና የተሻለው ልጅም «ነጻ መሆኑ ይታይልኝ» ተብሎ አይመለስ፤ የሞተ ባክቴሪያ ዲኤንኤ ጉሮሮ ውስጥ ሊቆይ ይችላል፣ ማሽኑ ሕያውን ከሙቱ አይለይም።

በየቤታችን ያለችውን የተረፈች አሞክሲሲሊንም ላንሣ። ልጁ ሲያተኩሰው ሁለት ቀን ሰጥቶ ሳይሻለው ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ወላጅ አለ። ያኔ ካልቸሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ የዘረ-መል ምርመራው ደግሞ ፖዘቲቭ፤ ሐኪሙም ግራ ይጋባል። ከሰጣችሁ አትደብቁ፣ ንገሩት። ስትሬፕ ነው ከተባለ ደግሞ በአፍ የሚወሰደው አሥሩንም ቀን ይወሰዳል፤ በሦስተኛው ቀን ልጁ መሮጥ ቢጀምርም። ወይም አንድ ጊዜ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አለ፣ ያ በአንድ መርፌ ያበቃል። ደስ የሚለው ነገር ይህ ባክቴሪያ ከስንት አሥርት ዓመታት በኋላም ለፔኒሲሊን እጁን እንደሰጠ ነው።

አገር ቤት በተለመደው አሠራር ጉሮሮ የታመመ ልጅ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ስትሬፕ አይመረመርም፤ ባለሙያው ምልክቱን አይቶ ይወስናል። ብዙው ልጅ ደግሞ ጤና ጣቢያም አይደርስ። እንጥል ማስቆረጥ፣ ቶንሲል ማስቧጨር የምናውቀው ነው፤ እዚህ ካለነው መካከልም እንጥላችን የተቆረጠ አለን። እናቶቻችን ያደረጉት ልጃቸው እንዳይታነቅ ሰግተው፣ በፍቅር ነው። እውነቱ ግን እንጥል መቁረጥ ስትሬፕን አያጠፋም፣ ልብንም አይጠብቅም፤ ደም መፍሰስን፣ ቁስለትን፣ ቴታነስን ያመጣል። ለዘመዶቻችን ስንደውል ይህን ማስረዳት እንችላለን፤ ሳንቆጣ፣ ሳንንቅ።

ስለ እርጉዝ እናቶች ጥቂት ልበል፤ ስሙ ቢመሳሰልም ነገሩ ሌላ ነውና። እርጉዝ ስትሆኑ በ36ኛውና በ37ኛው ሳምንት የሚፈለገው «ግሩፕ ቢ ስትሬፕ» ሌላ ባክቴሪያ ነው። ብዙ ጤነኛ ሴቶች በማኅፀን መውጫና በፊንጢጣ አካባቢ ይዘውት ይኖራሉ፤ አያሳፍርም፣ በንጽሕና ጉድለትም አይመጣም። የሚፈራው በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ አልፎ የደም መመረዝ ወይም ማጅራት ገትር እንዳያመጣ ነው። ናሙናው መጀመሪያ በማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ያድራል፣ ከዚያ ዲኤንኤው ይፈለጋል። ተገኘ ከተባለ ምጥ ሲጀምር በደም ሥር ፔኒሲሊን ይሰጣል። እዚህ አገር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ሁለት ያህሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይታመሙ የነበረው፣ ዛሬ ከ4,000 ወደ አንድ ወርዷል። ፔኒሲሊን የማይስማማችሁ ከሆነ ግን ናሙናው ሲወሰድ ተናገሩ። የዘረ-መል ምርመራው ባክቴሪያው መኖሩን እንጂ በየትኛው ሌላ መድኃኒት እንደሚሞት አይነግርም፤ ለዚያ ካልቸር መጨመር አለበት።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ አስፍሬያለሁ።

አንድ አባት፣ «ልጄ በዚህ ዓመት አራት ጊዜ ፖዘቲቭ ወጣ፤ ቶንሲሉን ላስወጣለት ወይ?» ብለው ጠየቁ። ወንድሜ፣ መጀመሪያ አራቱም ጊዜ እንዴት እንደታመመ ይታይ። ትኩሳትና ያበጠ አንገት ነበረው ወይስ ሳልና ንፍጥ? ሁለተኛው ከሆነ ልጁ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ከፈለገ ልጁ ደኅና በሆነበት ቀን ናሙና ወስዶ ሊያየው ይችላል። ቶንሲል ለማውጣት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መመዘኛ በአንድ ዓመት ሰባት ጊዜ፣ ወይም በተከታታይ ሁለት ዓመት አምስት አምስት ጊዜ፣ ወይም ሦስት ዓመት ሦስት ሦስት ጊዜ በሐኪም የተመዘገበ ሕመም ነው። የእርስዎ ልጅ እዚያ አልደረሰም።

አንዲት ነርስ፣ «ማሽኑን ገዝተን ለአገር ቤት ብንልክ ከየት ይጀመር?» አለችኝ። እህቴ፣ ከማሽኑ በፊት መርፌው ይቅደም። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ሳይቋረጥ የሚገኝበት፣ ለመውጋት የማይፈራ የሠለጠነ ባለሙያ ያለበት ቦታ ካልሆነ ፖዘቲቭ የሚል ወረቀት ለእናትየው ምንም አያደርግላትም። ያ ከተሟላ፣ ጂን ኤክስፐርት ለቲቢ ተብሎ በብዙ ሆስፒታሎቻችን ቆሟል፤ ለስትሬፕ የተሠራ ካርትሪጅም አለው። የሚጎድለው የካርትሪጁ በጀትና ሥርዓቱ ነው። እኔ ብጠየቅ ሩማቲክ የልብ ሕመም ካለባቸው ልጆች ቤተሰቦች እጀምራለሁ። የታመመው ልጅ ሩማቲክ ትኩሳቱ እንዳይደገምበት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መርፌውን ይወጋል፣ ስለዚህ ቤተሰቡ ወደ ጤና ተቋም የሚመጣበት ቀን የታወቀ ነው። በዚያ ቀን ጉሮሮውን ያመመው ወንድም ወይም እህት ካለ አብሮ ይምጣ፣ ናሙናው ይወሰድ፣ እናትየው ውጤቱን እዚያው ተቀምጣ ትጠብቅ፣ ፖዘቲቭ ከሆነም ሳይወጡ ይወጋ።